የመልክ ዕዳ

በባሌ ተራሮች፣ በሳነቴ አምባ፣ ቀይ ቀበሮ በዋናነት የሚኖረው ፍልፈል እያደነ ነው። በዓለም የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ መልኩም ይማርካል። ስለዚህ ለዓመታት ተጠንቷል፣ ከእብድ ውሻ በሽታም ተከትቧል። ግዙፉ ፍልፈልም ከባሌ ውጭ አይገኝም፤ ነገር ግን ጥርሱ የገጠጠ፣ ዓይኑ የጠበበ ስለሆነ ይመስላል ስሙ የሚነሳው የቀበሮው ቀለብ ተብሎ ነው። በሐረና ጫካ ለመጥፋት የተቃረበችውን ትንሽ እንቁራሪትማ ስንቱ ያውቃታል? ኖኅ እንስሳቱን ወደ መርከቡ ሲያስገባ ንጹሕና ንጹሕ ያልሆነ የሚል ልዩነት ነበረ። ልዩነቱ ግን ቁጥሩን ወሰነ እንጂ በሩን አልዘጋም፤ ስለ መልክማ የጠየቀ የለም።

«ቆንጆው ገንዘብ ያመጣል፣ ከጥላው ሥር ሌላውም ይተርፋል» የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው፤ ለቀበሮው የተጠበቀው ሣር ለፍልፈሉም ቤት ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2020 በቻይና ላይ የታተመ ጥናት ነብርና ተኩላ ከአብዛኞቹ የፓንዳ ጥብቅ ስፍራዎች መጥፋታቸውን አሳይቷል። ጥላው ሁሉን አይሸፍንም። ማን እንደቀረ የሚታወቀውም ሲጠና ብቻ ነው። ሌላው ክርክር «ለጋሹ የወደደውን ቢረዳ ምን ነውር አለው?» የሚል ነው። ለጋሹ ነውር የለበትም፤ ፍቅር በትእዛዝ አይመጣም። የምርምር በጀት የሚደለድል ሰው ግን በሌላ ሚዛን ይጠየቃል፤ በቀበሮው ስም ከተሰበሰበው ገንዘብ ጥቂቱን ለፍልፈሉ ጥናት ቢመድብ ለጋሹን አልከዳም፤ ያለ ፍልፈል ቀበሮው ራሱ ይራባልና።