የማርያም ድርሻ በመማሪያ ክፍል



ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ ምዕራፍ 10 ማርያም በጌታ እግር ሥር ተቀምጣ ትማር እንደ ነበር ይነግረናል። በዚያ ዘመን ይህ ቦታ እንደ ልማዱ የወንድ ደቀ መዝሙር ነበረ። ማርታ ሥራ ስለ በዛባት እኅቷ እንድታግዛት ለመነች። ጌታ ግን የማርታን ድካም ሳይንቅ ማርያምን ከተቀመጠችበት አላስነሣትም፤ ድርሻዋም እንደማይወሰድባት አረጋገጠ።

በነገሌ ቦረናና በአካባቢው ቆላማ ከተሞች ግን ይህ ድርሻ ከብዙ ልጃገረዶች ይወሰዳል። ከ2013 ዓ.ም. እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አምስት የዝናም ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ኩሬው ደረቀ፣ ከብቱ አለቀ፣ የውኃው መንገድ ረዘመ። ለቤት ውኃ የምትቀዳው ሴት ልጅ ናትና መንገዱ በረዘመ ቁጥር የሚያጥረው የእርስዋ የትምህርት ሰዓት ነው። ወንድ ልጅም ከብት ተከትሎ ወደ ፎራ ሲሄድ ትምህርቱ ይቋረጣል፤ ከመንጋው ሲመለስ ግን የቤቱ ሥራ አይጠብቀውም። እኅቱን የሚጠብቃት ጀሪካኑና ምድጃው፣ አንዳንዴም ያለ ዕድሜዋ የሚመጣ ጋብቻ ነው።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዓለም ባወጣው ሰነድ ቁጥር 29 በጾታ ምክንያት የሚደረግ ልዩነት ከእግዚአብሔር ፈቃድ ጋር እንደሚቃረን አስተምሯል። የአገራችን ሕገ መንግሥትም በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ደንግጓል። እንግዲህ የጎደለው ሕግ አይደለም።

ቅዱስ ዮሐንስ እንደሚነግረን እነዚህ እኅትማማቾች አልዓዛር የሚባል ወንድም ነበራቸው። ማርታ ግን እርዳታ የፈለገችው ከእኅቷ ነው። በእኛም ቤት ሥራ ሲበዛ የምትጠራው ሴት ልጅ ናት፤ አልዓዛርን የሚያስታውሰው የለም።

ወላጆች ሆይ፤ ወንድ ልጆቻችሁም ውኃ ይቅዱ። መምህራን ሆይ፤ ክፍሉን የሚጠርጉት ሴቶች ልጆች ብቻ፣ ለጥያቄ የሚነሡትም ወንዶች ልጆች ብቻ አይሁኑ። በክፍል ተቀምጣ የማትጠየቅ ልጅ በመዝገብ ላይ ብትቈጠርም ገና የደቀ መዝሙርን ቦታ አላገኘችም። በተከታታይ የቀረች እንደ ሆነ ወደ ቤቷ ሂዱ፤ የጋብቻ ወሬ ከመጽናቱ በፊት ከወላጆቿ ጋር ተነጋገሩ።

ማርያምን በእግሩ ሥር ያስቀመጠ ጌታ ሴቶች ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ለእኛም ሸክማቸውን የምንካፈልበትን ልብ ይስጠን። አሜን።