የትኛው ፕሮፌሰር?

ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ የቅዳሜ የወጣቶች ፕሮግራም ላይ ስለ እምነትና ስለ ትምህርት እንዳካፍል ተጋብዤ ነበር። ከጉና የሚወርደው ብርድ በበሩ ሥር ይገባ ስለ ነበር ወጣቶቹ ጋቢ ተከናንበው፣ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። እኔም ሞቅ እንዲላቸው ብዬ አብዛኞቻችሁ የምታውቁትን ታሪክ ነገርኳቸው።

እግዚአብሔር የለም ብሎ የሚያስተምር አንድ የፍልስፍና ፕሮፌሰር ነበረ። በየዓመቱ ጠመኔ ያነሣና «እግዚአብሔር ካለ ይህ ጠመኔ ሲወድቅ አይሰበርም» ብሎ ይለቀዋል። ጠመኔው ይሰበራል፤ ተማሪው ሁሉ ዝም ይላል። በአንዱ ዓመት ግን አንድ አማኝ ተማሪ ብድግ ይላል። ያን ቀን ጠመኔው ከፕሮፌሰሩ እጅ ያመልጥና በኮቱ፣ በሱሪውና በጫማው ላይ ተንከባልሎ ሳይሰበር መሬት ይደርሳል። ፕሮፌሰሩ አፍሮ ከክፍሉ ይወጣል፤ ተማሪውም ለቀሩት ወንጌልን ይመሰክራል።

አዳራሹ በአሜንና በእልልታ ተናወጠ። ፕሮግራሙ ሲያበቃ ግን የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች አንዲት እኅት ደብተሯን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው? የፕሮፌሰሩስ ስም ማን ይባላል? በሚቀጥለው ዓመት ሎጂክ ስንማር ለክፍል ጓደኞቼ ልነግራቸው ፈልጌ ነው» አለችኝ።

«ስሙን አላስታውስም፤ ዋናው መልእክቱ ነው» አልኳት።

ወደ ቤት ስመለስ ያሳፈረኝ ይህ መልስ ነበር። ሰው የሚረሳው አንድ ጊዜ ያወቀውን ነገር ነው፤ እኔ ግን ያንን ስም ከመጀመሪያውም አላውቀውም። ታሪኩን ከአንድ ሰባኪ ሰምቼ፣ ደስ ስላለኝ ብቻ ደገምኩት። በኋላ ሳጣራ ታሪኩ ከአገር አገር፣ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ እየተዛወረ የሚነገር፣ ባለቤትም ምስክርም የሌለው ወሬ ሆኖ አገኘሁት። ጥያቄው ታዲያ ይህ ነው፦ ሰውን ወደ እውነት የሚመራ ከሆነ፣ እውነት ያልሆነ ታሪክ መናገር ምን ክፋት አለው?

ስለ አንድ የሌለ ፕሮፌሰር ስላወራሁ፣ በእውነት ስለ ነበሩት ለማንበብ ቆረጥኩ። ያገኘኋቸውም ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነርን ነው። ሰምነር እ.ኤ.አ. በ1919 በካናዳ የተወለዱ፣ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1953 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ኋላም ዩኒቨርሲቲ በሆነው ተቋም፣ ፍልስፍና አስተማሩ። በንጉሡ ዘመን ጀምረው በደርግ ዘመንም ቀጠሉ። ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። እንግዲህ የፍልስፍና ፕሮፌሰር ሁሉ እግዚአብሔርን የሚክድ ይመስለን ከነበረ፣ በአገራችን ይህን ትምህርት ካቆሙት ሰዎች አንዱ በየቀኑ የሚጸልዩ ሰው ነበሩ።

ከግሪኮች የሚጀምረውን ፍልስፍና ለኢትዮጵያውያን ሊያስተምሩ የመጡት ሰው፣ ግሪኮቹ ከእርሳቸው አራት መቶ ዓመት ቀድመው እዚህ መድረሳቸውን ተረዱ። በሶቅራጥስ፣ በአፍላጦንና በአርስጣጣሊስ ስም የሚነገሩ አባባሎች ከግሪክ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛም በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በአባ ሚካኤል እጅ ወደ ግእዝ ተተርጉመው «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን» ሆነው ነበር። ሰምነር ይህን መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ መለሱት፤ «የኢትዮጵያ ፍልስፍና» የተሰኘው ባለ አምስት ቅጽ ሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ1974 በእርሱ ጀመረ። ኋላም የኦሮሞን የጥበብ ቃሎች ሰብስበው ሲያዘጋጁ፣ በ1990ዎቹ ያሳተመላቸው የጉዲና ቱምሳ ፋውንዴሽን ነበር። ለወንጌላውያን አማኞች ይህ ስም ማብራሪያ አያሻውም።

በአባ ሚካኤል መጽሐፍ ውስጥ በሶቅራጥስ ስም የተጻፈው ሁሉ ሶቅራጥስ የተናገረው አይደለም። ቃል ከአገር ወደ አገር ሲጓዝ የታወቀ ሰው ስም ይለጠፍበታል። ይህ መጽሐፉን ዋጋ ያሳጣዋልን? አያሳጣውም። «ቁጣህን ግዛ» የሚል ምክር ሶቅራጥስ ተናገረው፣ ሌላ ሰው ተናገረው፣ ምክርነቱ ያው ነው። ክብደቱ ያለው በራሱ ላይ ነው። ምሳሌም እንዲሁ ነው። ጌታ ስለ ጠፋው ልጅ ሲያስተምር ማንም «የየትኛው መንደር ሰው ነው?» ብሎ አልጠየቀም፤ ምሳሌ መሆኑን ሰሚው ያውቃልና።

ምስክርነት ግን ሌላ ነው። «ይህ ሆነ፤ አየሁ» የሚል ቃል በራሱ አይቆምም፤ የሚቆመው በሆነው ነገርና በመስካሪው ታማኝነት ላይ ነው። የጠመኔውን ታሪክ «ምሳሌ ነው» ብዬ ብጀምረው ኖሮ ማንም እልል አይልም ነበር። ኃይሉ በሙሉ «ሆኗል» በሚለው ቃል ላይ ነው፤ አልሆነም። ስለዚህ «ዋናው መልእክቱ ነው» ያልኩት ማምለጫ ነበር።

ይህን ልዩነት ከሰምነር ሕይወት ይበልጥ የሚያሳየን፣ ለአካባቢያችን ቅርብ የሆነ ጉዳይ አለ። ከደብረ ታቦር በወረታና በአዲስ ዘመን አድርጎ ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው እንፍራዝን ያልፋል። «ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» የተባለው የግእዝ መጽሐፍ፣ በአክሱም አጠገብ የተወለደ አንድ መምህር በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከስደት አምልጦ፣ በዋሻ ሲጸልይና ሲመረምር ቆይቶ፣ በመጨረሻ በእንፍራዝ እንደ ኖረ ይናገራል። ሰውየው እያንዳንዱን ሃይማኖት በልቡና ብርሃን ይመረምራል። በብዙ ነገር ከእርሱ ጋር አንስማማም፤ ነገር ግን ከ17ኛው መቶ ዘመን የመጣ ከሆነ፣ ለኢትዮጵያ አስተሳሰብ ታሪክ ትልቅ ነገር ነው።

ከሆነ። መጽሐፉን ለዓለም ያስተዋወቀው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ የጣልያን ካፑቺን ሚሲዮናዊ ነው። ይህ ሰው በ1850ዎቹ መጀመሪያ በእኛው በጋይንት፣ በቤተልሔም ተቀምጦ ግእዝ ይማር ነበር። ቅጂውን ፓሪስ ለነበረው ለአንቷን ዳባዲ ላከለት። እ.ኤ.አ. በ1920 ግን ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ሊቅ፣ ዘርዐ ያዕቆብ የሚባል ፈላስፋ እንዳልነበረና ሐተታውን የጻፈው ራሱ ጁስቶ እንደ ሆነ ተከራከረ።

ሰምነር ይህን መጽሐፍ ይወዱታል። እውነተኛ ሆኖ ቢገኝ የሕይወታቸው ሥራ ይቆማል፤ ሐሰት ቢሆን የሥራቸው ምሰሶ ይወድቃል። እንደ እኔ ቢሆኑ ኖሮ «ዋናው መልእክቱ ነው» ብለው ወደ ትርጓሜው ባለፉ ነበር። እሳቸው ግን እንዲህ አላደረጉም። እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጡት ሁለተኛው ቅጽ ስለ ጽሑፉና ስለ ጸሐፊው ማንነት ነው። የመጽሐፉን አሳብ የሚተነትነው ሦስተኛው ቅጽ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1978 ነው። መጀመሪያ «ማን ጻፈው?» አሉ፤ ቀጥለው «ምን ይላል?»። የእኅታችንን ጥያቄ የመለሱት በአንድ ሙሉ መጽሐፍ ነው።

የደረሱበት መደምደሚያ ሐተታው የኢትዮጵያውያን ሥራ ነው የሚል ነበር። ክርክሩ ግን በዚያ አልተዘጋም። ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ አናይስ ዊዮን ጸሐፊው ጁስቶ ነው የሚለውን አሳብ በአዲስ ጥናት አነሡት። ቀድሞ ይጠራጠሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ በስተርጅና አሳባቸውን ለውጠው ወደ ዘርዐ ያዕቆብ ወገን አዘነበሉ። ምናልባት አንድ ቀን ሰምነር ተሳስተው ነበር ይባል ይሆናል። ያን ጊዜ እንኳ ሐሰተኛ ምስክር ነበሩ ሊባሉ አይችሉም። የተሳሳተ ሰውና ሳያጣራ የተናገረ ሰው አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ማስረጃውን በፊታችን ዘርግቶልናልና ራሱ በሠራልን መንገድ ሄደን ልናርመው እንችላለን።

ያቺው የጋይንት ቤተልሔም በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የታወቀችው በድጓ ምስክርነቷ ነው። ድጓ የተማረ ሰው የትም ይማር የት፣ ወደዚያ ሄዶ በመምህራን ፊት ሳይፈተን «ተመስክሮለታል» አይባልም። የመመርመርን ክብር ከሩቅ አገር መበደር አያስፈልገንም ማለት ነው።

አንዳንዱ ግን መመርመር ፍቅርን ያቀዘቅዛል ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ሰምነር በአራተኛው ቅጽ ያጠኑት የስክንድስ ታሪክ፣ እርሱም ከግሪክ በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ የመጣ ነው፣ ይህንኑ ያስጠነቅቃል። ስክንድስ ሴት ሁሉ የማትታመን ናት የሚል ቃል ሰምቶ፣ እውነት መሆኑን ለማወቅ ማንነቱን ደብቆ የገዛ እናቱን በገንዘብ ፈተናት። እናቱ ወደቀች። ልጇ መሆኑን ሲነግራት በኀፍረት ራሷን አጠፋች። እርሱም በአፉ የገደላት መሆኑን አውቆ እስከ ሞቱ ላይናገር ማለ። እንግዲህ ሁለት ዓይነት ምርመራ አለ። አንዱ ወጥመድ ዘርግቶ የሌላውን መውደቅ ይጠብቃል። ሌላው በብርሃን ቆሞ፣ የሚወደው ነገር ጸንቶ እንዲቆም ስለሚፈልግ ይጠይቃል። እኅታችን ከኋለኞቹ ነበረች። ታሪኩን ልታፈርስ አልመጣችም፤ ተሸክማው ልትሄድ ነበር፤ ሸክሙ ባዶ መሆኑን ያላየሁት እኔ ነኝ።

የእግዚአብሔር ቃል በዚህ ነገር ላይ ለዘብተኛ አይደለም። ኢዮብ ወዳጆቹን የወቀሳቸው ለእግዚአብሔር ጥብቅና ሲቆሙ ሐሰት በመናገራቸው ነው። በሐዋርያት ሥራ 17 ጳውሎስ አቴና ገብቶ ከፈላስፎች ጋር ከመነጋገሩ በፊት፣ የቤርያ ሰዎች የእርሱን የራሱን ስብከት ከመጻሕፍት ጋር ሲያመሳክሩ እናያለን፤ ስለዚህም ተመሰገኑ እንጂ አልተነቀፉም። ለቆሮንቶስ ሰዎችም ጳውሎስ፣ ክርስቶስ ካልተነሣ እኛ ሐሰተኞች ምስክሮች ሆነናል የሚል አሳብ ጽፎላቸዋል። «ባይነሣም መልእክቱ ይበቃል» አላለም። እምነታችን «ሆነ፤ አየነው» ባሉ ሰዎች ምስክርነት ላይ የቆመ ነው። ምስክርነትን ርካሽ የምናደርግ ከሆነ ማን ይጎዳል? የጠመኔውን ታሪክ ይዛ ዩኒቨርሲቲ የምትገባው ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ወሬ መሆኑን ስትሰማ፣ «ስለ ትንሣኤ የነገሩኝስ?» ብላ ብትጠይቅ ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ያንን ጥያቄ በልቧ የተከልኩት እኔ እንጂ የፍልስፍና መምህሯ አይደለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አምስት ደቂቃ ለምኜ ቆምኩ። «ባለፈው የነገርኳችሁ ታሪክ መሆኑን አላውቅም፤ ስሙንም ረስቼው አይደለም፣ አላውቀውም ነበር። ይቅር በሉኝ» አልኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ስንወጣ አንድ የምወደው ወንድም «ለምን ልጆቹን ታደክማቸዋለህ? ተባርከውበት ነበር እኮ» አለኝ። በቅን ልብ ነው ያለው፤ እኔም በቅጡ አልመለስኩለትም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በከፊል ለእርሱ ነው።

እኅታችን ግን በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ስለ ሰምነር የነገርኳትን ስሙን፣ ዓመቱንና መጽሐፎቹን በደብተሯ ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስም ቀና ብላ «ይሄኛውንስ አጣርተዋል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «አንቺም ደግሞ አጣሪው።»