ሳያስመሰክሩ ማስተማር

በኮተቤ የመምህርነት ትምህርቷን የምትከታተለው የእኅቴ ልጅ በመጪው ሰኞ ከእንጦጦ ግርጌ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተማር ልምምድ እንድትጀምር ታዝዛለች። ነጩን ጋዋኗን ተኩሳ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት የትምህርት ዕቅድ ሁለት ጊዜ ጽፋ ሁለት ጊዜ ቀዳ ከጨረሰች በኋላ፣ ባለፈው እሑድ ከየካ ሚካኤል ቅዳሴ ስንመለስ መንገዱን ግማሽ ያህል ዝም ብላ ሄደችና፣ «ጋሼ፣ እኔ ራሴ ገና ሳልማር በሰው ልጅ ላይ ልለማመድ ማለቴ ኃጢአት አይሆንብኝም?» ብላ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን በመሳቄ አፈርሁ፤ ያ የአርባ ልጆች ክፍል ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ክፍል በዕድሜው የሚማረው አንድ ጊዜ ብቻ ነውና፣ የእርሷ መለማመጃ የሚሆነው ወር ለእነርሱ መለማመጃ አይደለም።

ጥያቄው የእርሷ ብቻ አይደለም። ሙሴ በሐመልማሉ ፊት አንደበቱ ኰልታፋ መሆኑን አመካኝቶ ሌላ ሰው እንዲላክ ለመነ፤ ኤርምያስ ልጅነቱን አቀረበ፤ ሐዋርያው ያዕቆብም አስተማሪዎች የሚጠብቃቸው ፍርድ የጠነከረ ስለሆነ ብዙዎች ወደዚህ ሥራ እንዳይሽቀዳደሙ አስጠነቀቀ። ዮሐንስ አፈወርቅም በወጣትነቱ ክህነት እንዳይጫንበት ሸሽቶ የተሸሸገ ሰው ነው፤ ስለ ክህነት የጻፈው ታላቅ ድርሰትም የዚያን ሽሽት ምክንያት የሚገልጽ ነው፤ ይሁንና በኋላ ተሹሞ ከቍስጥንጥንያ መንበር ላይ ተቀመጠ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን ለሙሴ የተሰጠው መልስ ነው። እግዚአብሔር አንደበተ ርቱዕ ነህ ብሎ አልሸነገለውም፤ ወንድሙን አሮንን ከጎኑ አቆመለት እንጂ። የፍርሃቱ መድኃኒት ችሎታ ሳይሆን ባልንጀራ ሆነ።

የእኅቴ ልጅ ግን በዚህ ብቻ አልረካችም። ከየካ ኮረብታ ላይ ከአንድ ዓለት ተፈልፍሎ የተሠራውን ዋሻ ሚካኤልን ልጅ ሳለች አሳይቻት ስለነበር፣ ያንን አንሥታ ተከራከረችኝ፤ ዓለት የሚፈለፍል ሰው መሮውን አንድ ጊዜ ካሳተ የወደቀውን ፍንካች መልሶ ሊያጣብቀው አይችልምና፣ እንዴት ጀማሪ በዚያ ላይ እጁን ያሟሽ ዘንድ ይፈቀድለታል? ክርክሩ ብርቱ ነው። ነገር ግን ዓለት መሮውን የያዘውን ሰው አይጠይቀውም፤ ልጅ ግን ይጠይቃል። የተሳሳተው መምህር በራሱ በተማሪው አንደበት የሚታረምበት በር ክፍት ነው፤ በሩን ከውስጥ የሚዘጋው መምህሩ ካልሆነ በስተቀር።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ ተማሪው ዲግሪውን ሳይቀበል አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ያዝዝ ስለነበር፣ እኔም እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ጠመኔ ይዤ አንዲት ትንሽ ከተማ ወረድሁ። አንድ ቀን ጂኦግራፊ ሳስተምር የአዋሽ ወንዝ ቀይ ባሕር ይገባል ብዬ አረፍሁት። አባቱ በአፋር በረሃ የሚነግድ አንድ ልጅ ብድግ ብሎ፣ «የለም፣ ጋሼ፤ ባሕሩ ሳይደርስ ከበረሃው ሐይቅ ገብቶ ይቀራል» አለኝ። ልጁ ልክ ነበረ፤ አዋሽ አቤ ሐይቅ ገብቶ የሚያልቅ ወንዝ ነው። እኔ ግን ዕውቀቴ ሲጎድል ክብሬ የጎደለ መስሎኝ፣ ተቀመጥ ብዬ ተቈጣሁት፤ ከዚያም ቀን በኋላ በእኔ ክፍለ ጊዜ እጁን አላወጣም። አለማወቄን እግዚአብሔር ይቅር ይለኛል ብዬ አምናለሁ፤ ያንን ልጅ ዝም ማሰኘቴን ግን እስከ ዛሬ ስናዘዝ አነሣዋለሁ። ኃጢአቱ ከየት እንደሚጀምር ያወቅሁት በዚያ ነው።

በዚያ ዓመት እኔን የሚያርም ማንም ከአጠገቤ አልነበረም፤ ይህን የምለው ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም። የአባቶቻችን የቅኔ ቤት ግን ይህን ነገር ከእኛ አስቀድሞ አስቦበት ነበር። በቅኔ ቤት ጎልማሳው ደቀ መዝሙር ትምህርቱን እስኪፈጽም አይጠብቅም፤ አስነጋሪ ተብሎ ለታናናሾቹ ግሱንና አገባቡን ያስቀጽላል፤ እርሱ ራሱ ግን የቈጠረውን ቅኔ ይዞ ከየኔታ ፊት ይቀርባል፤ የተሰበረው ቤት ይታረምለታል። መምህር ተብሎ ወንበር ለመዘርጋት የሚፈቀድለት በኋላ፣ ካስመሰከረ በኋላ ነው። ስለዚህ ሳያስመሰክሩ ማስተማር በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንግዳው ነገር የኔታ በሌለበት ማስተማር ነው። አስነጋሪው ፍጹም ስለሆነ አልተፈቀደለትም፤ በሚታረምበት ቦታ ስለ ተቀመጠ እንጂ።

አውግስጢኖስ ከልጁ ጋር እየተነጋገረ በጻፈው ድርሰት፣ እውነተኛው መምህር በሰው ውስጥ የሚኖረው ክርስቶስ እንጂ ውጭ የቆመው ሰው አለመሆኑን ያስተምራል። ምሥጢሩ ጥልቅ ነው፤ ሆኖም ሳይዘጋጁ ወደ ክፍል ለሚገቡ ሰነፎች ጥሩ መሸሸጊያ እንዳይሆን እፈራለሁ፤ ለእኅቴ ልጅም አልነገርኋትም።

የነገርኋት ይህንን ነው፤ የማታውቂውን ሲጠይቁሽ አላውቅም በይ፣ ነገ አጥንቼ እመጣለሁ በይ፣ በማግሥቱም ይዘሽ ሂጂ። ከዚህ ያለፈው ነገር ግን በእርሷ እጅ ያለ አይደለም። ተለማማጅ ሲመጣላቸው ዕረፍት የወጡ መስሏቸው ክፍሉን አስረክበው ሻይ ሊጠጡ የሚወጡ መምህራን መኖራቸውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ኃጢአት ካለ፣ ከልጅቷ ይልቅ በእነርሱ ላይ የሚቈጠር ይመስለኛል። በሰኞ ጠዋት የእኅቴን ልጅ የሚቀበሏት መምህር ሆይ፣ ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ እባክዎ ከክፍሉ አይውጡ፤ ከኋላው ዴስክ ይቀመጡላት።