እጅ የማይደርስበት ዝገት

ከ100 ዶላር በላይ የተከፈለበት፣ ከሥሩ «የማይዝግ ብረት» የሚል ጽሑፍ የታተመበት የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ጥቂት ወራት አገልግሎ ክዳኑ ሲከፈት ውስጡ ቡናማ ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎበት ይገኛል። ባለቤቱ አምራቹን ይከሳል፤ «ርካሽ ብረት ሸጣችሁልኛል» ይላል። አምራቹ በበኩሉ «ውኃዎ ነው፣ አያያዝዎም ነው» ብሎ ይመልሳል። ይካሰሱ እንጂ ሁለቱም በአንድ ነገር ተስማምተዋል። አለመዛግ በገንዘብ የሚገዛ፣ በካርቶን ታሽጎ የሚሰጥ፣ ከተሰጠ በኋላም የዕቃው ሀብት ሆኖ የሚኖር ነገር ነው ብለው ያምናሉ። ክርክራቸው ያ ሀብት ከመጀመሪያው አልነበረም ወይስ ነበረና ባከነ በሚለው ላይ ብቻ ነው። እኔ መመርመር የምፈልገው የሚከራከሩበትን ሳይሆን የተስማሙበትን ነው።

ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል። የተፈጨ ቡና በማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርጎ ሙቅ ውኃ በዝግታ እያንቆረቆሩ ማጥለል፣ ዛሬ ካፌዎች «ፖር ኦቨር» የሚሉት፣ ወረቀቱን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ1908 ከድሬስደኗ የቤት እመቤት ከሜሊታ ቤንትዝ የመጣ ነው። የይርጋጨፌና የጉጂ የታጠበ ቡና በውጭ አገር ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ይቀርባል። አፈላሉ የሚፈልገው ውኃ በአንድ ጊዜ ተዘርግፎ የቡናውን አልጋ የሚቆፍር ሳይሆን ቀጥኖ፣ ሳይቆራረጥ፣ እጅ ባዘዘው ቦታ የሚወርድ ነው። ለዚህም ሲባል ማንቆርቆሪያው ከሆዱ ታች አካባቢ የሚነሣ፣ ተጠማዝዞ ወደ ላይ የሚወጣ ቀጭን አንገት ተሠራለት። አንገቱ ጌጥ አይደለም፤ ዕቃው የተሠራው ለእሱ ነው ቢባል ይቀላል። ይህን እንያዝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ብረት መዛግ ይወዳል። ከመሬት ስናወጣውም የዛገ ነበር፤ የብረት ማዕድን የምንለው በአብዛኛው ብረትና ኦክስጅን የተዋሐዱበት ድንጋይ ነው። በእቶንና በከሰል ኦክስጅኑን አስለቅቀን ብረቱን ለብቻው አቆምነው። ወንጌል ብልን፣ ዝገትንና ሌባን በአንድነት ቢጠራቸውም፣ ሌባ የሰውን ሀብት ወደማያውቁት ቦታ ይወስዳል፤ ዝገት ግን ብረቱን የሚወስደው ወደ መጣበት ነው። ስለዚህ የሚያስደንቀው ብረት መዛጉ አይደለም። ጥያቄው መገልበጥ አለበት፦ አንዳንዱ ብረት እንዴት ሳይዝግ ይቆያል?

የዚህ መልስ አጀማመሩ እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1836 የባዝሉ ኬሚስት ክርስቲያን ሾንባይን ለለንደኑ ሳይንቲስት ለማይክል ፋራዴይ ስለ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ጻፈለት። ብረት በውኃ የቀጠነ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ሲገባ ይንተከተካል፣ ይሟሟል። እጅግ በጠነከረው አሲድ ውስጥ ሲገባ ግን ምንም አይሆንም። ከዚያ ወጥቶ ወደ ቀጭኑ ቢመለስም ዝም ብሎ ይቆያል፤ ከተጫረ ግን ወዲያው መሟሟት ይጀምራል። የጠነከረው ጠላት ሳይጎዳው የደከመው የሚጎዳው ለምንድን ነው? ፋራዴይ የገመተው የብረቱ ገጽ ራሱ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ፣ በዓይን የማይታይ ልባስ ለብሶ እንደሆነ ነው። ግምቱ በዋናው ነገር ትክክል ነበር።

ከዚያ 77 ዓመት በኋላ፣ በ1913፣ በእንግሊዟ ሼፊልድ የብረታ ብረት ባለሙያው ሃሪ ብሬርሊ የጠመንጃ አፈሙዝ ከውስጡ እየተበላ የሚያስቸግርበትን ምክንያት ሲያጠና 13 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ያለበት ብረት አቀለጠ። ናሙናውን በማጉያ መነጽር ለማየት ገጹን በአሲድ ማስበላት ነበረበት፤ ብረቱ ግን አልበላ አለው። ለጠመንጃ የታሰበው ቢላዋ ሆነ። ዛሬ ከማይዝግ ብረት ወገን ለመቆጠር ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያስፈልጋል፤ 304 የሚባለውና በማንቆርቆሪያ የተለመደው ዓይነት 18 በመቶ ያህል ክሮሚየምና 8 በመቶ ያህል ኒኬል አለው።

ክሮሚየም ምን ሠራ? ከብረት ይልቅ ለኦክስጅን ይቸኩላል። አየር ሲነካው ቀድሞ ከኦክስጅን ጋር ይዋሐድና ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ጥቂት እጥፍ ብቻ የሆነ፣ ጥብቅ፣ ውኃ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ይሠራል። የተራ ብረት ዝገት ከበላው ብረት በመጠን የሚበልጥ ስለሆነ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል፤ ሲረግፍም አዲስ ብረት ለመበላት ይጋለጣል። የክሮሚየሙ ሽፋን ግን ተጣብቆ ይቀራል። ቢጫር፣ ከሥሩ ያለው ክሮሚየም እንደገና አየር ያገኝና ሽፋኑን ይመልሰዋል። እንግዲህ የማይዝገው ብረት የማይዝገው ሳያቋርጥ ትንሽ ትንሽ ስለሚዝግ ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ተከራካሪ ይነሣ፦ «ታዲያ ወርቅስ? ወርቅ እኮ ምንም ሳያደርግ አይዝግም።» እውነት ነው፤ ወርቅ ኦክስጅንን አይፈልግም፤ ከመሬት ሲወጣም ወርቅ ሆኖ ነው የሚወጣው። የወርቅ አለመዛግ ባሕርዩ ነውና ሀብቱ ነው ብንል አንሳሳትም። በሌላው ጫፍ ጀበና አለ። ሸክላ ቀይ የሚሆነው በውስጡ ባለው ብረት ነው፤ ያም ብረት አስቀድሞ ከኦክስጅን ጋር የተዋሐደ ነው። ቀድሞ የዛገ ደግሞ እንደገና የሚዝግበት ነገር የለውም። ጀበና የሚፈራው መውደቅን ብቻ ነው። የማይዝገው ብረት ከሁለቱም አይደለም። እንደ ወርቅ ከኦክስጅን ርቆ፣ እንደ ሸክላም ኦክስጅንን ጠግቦ አልተቀመጠም፤ በየጊዜው ሽፋኑን እየሠራ ይኖራል። አለመዛጉ ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ የሚሠራበት ሁኔታ ይፈልጋል። ሻጩም ገዢውም የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የብረትን ሥራ የወርቅ ባሕርይ አድርገው ተገበያዩበት።

ሁኔታው ምንድን ነው? በመጀመሪያ አየር። ሽፋኑ የሚታደሰው በኦክስጅን ስለሆነ ኦክስጅን በማይደርስበት ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ አይታደስም። ሁለተኛው ከክሎራይድ መራቅ ነው። ክሎራይድ ማለት በጨው ውስጥ ያለው፣ በማንኛውም የቧንቧ ውኃም በመጠኑ የሚገኝ ነገር ነው፤ ሽፋኑን በአንድ ነጥብ ላይ ይበሳል። የተበሳው ነጥብ ትንሽ ጉድጓድ ይሆናል፤ በጉድጓዱ ውስጥ የሚሟሟው ብረት ውኃውን አሲዳማ ያደርገዋል፤ ተጨማሪ ክሎራይድም ወደዚያው ይሳባል፤ ጉድጓዱ ራሱን እየመገበ ወደ ታች ይቆፍራል። ዙሪያው እንደ መስተዋት እያበራ አንዲት ነጥብ ብቻ የምትዝገው ለዚህ ነው። ሦስተኛው የብየዳ ነገር ነው። ብየዳ ሲያልፍበት ብረቱ ይግላል፤ ገጹ ላይ ያለው ክሮሚየም በሙቀቱ ይቃጠልና ከሥሩ ክሮሚየም ያነሰው ስስ ንጣፍ ይቀራል። ያ ንጣፍ በአሲድ ታጥቦ ወይም ተሞርዶ ካልተነሣ ሽፋኑ እዚያ ላይ ደካማ ይሆናል።

አሁን ወደ አንገቱ እንመለስ። አንገቱ ከሆዱ ጋር የሚገናኘው አብዛኛውን ጊዜ በብየዳ ነው። ከውጭ በኩል ብየዳው ይሞረዳል፣ ይወለወላል፤ ገዢ የሚያየው እሱን ነውና። ከውስጥ ግን ለመሣሪያ የማይመች ጠባብ ቦታ ነው። ውኃው ሲገለበጥ መታጠፊያው ላይ ጥቂት ይቀራል፤ ክዳኑ ተከፍቶ ሆዱ ሲደርቅ አንገቱ እንደረጠበ ይቆያል፤ ያ ጥቂት ውኃ ቀስ ብሎ ሲተን ጨዉ ግን አብሮት አይተንም፣ ይከማቻል። ጣት አይገባም፣ ዓይን አያይም፣ አየር እንደ ልቡ አይመላለስም። ስለዚህ ሦስቱም ክፉ ሁኔታዎች የተገናኙት ዕቃውን ከሌላ ማንቆርቆሪያ በለየው በዚያው ክፍል ነው። ይህን እንደ አጋጣሚ ማየት አልችልም። አፈላሉ የወደደው ጥበት ብረቱ የጠላው ጥበት ነው።

በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በ2,300 ሜትር ከፍታና ከዚያ በላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የማንቆርቆሪያውን የሙቀት መቆጣጠሪያ 96 ላይ ያደረገ ሰው ውኃው በምንም ተአምር የማይደርስበትን ቁጥር አዟል፤ አንዳንዱ መሣሪያም ቁጥሩን እየጠበቀ ማፍላቱን ይቀጥላል። ውኃው በተነነ ቁጥር በቀረው ውስጥ ጨዉ ይበዛል፣ ክዳኑና መጋጠሚያዎቹም በእንፋሎት ይነከራሉ። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ንድፍ አውጪ ይህን ባያስብ አልፈርድበትም፤ ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ ግን ቀላል ነው።

ይሁንና ቡናማ ነገር ሁሉ ዝገት አይደለም። ውኃ ሲፈላ በውስጡ የሟሟው ካልሲየም እንደ ኖራ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይለጠፋል፤ ውኃው ከአሮጌ ቧንቧ ብረት ይዞ ከመጣ ቅርፊቱ ቡናማ ቀለም ይነከራል። በሽቦ የታጠበም እንደሆነ የሽቦው ፍርፋሪ እዚያው ይቀርና ይዝጋል፤ ያን ጊዜ የዛገው ሽቦው ነው እንጂ ማንቆርቆሪያው አይደለም። ታዲያ በምን እንለያቸው? በማየት አይለዩም። ሎሚ ጨምቀው ወይም የሎሚ አሲድ በውኃ በጥብጠው ቢያሞቁት ቅርፊቱ ይለቃል፤ ቀላል ዝገትም እንዲሁ ሊለቅ ስለሚችል በዚህ ብቻ መፍረድ አይቻልም። የሚያስረዳው ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደገና አገልግሎ ነጠብጣቡ በዚያው ነጥብ ላይ ከተመለሰ ጥፋቱ ከብረቱ ነው፤ ሌላ ቦታ ከታየ ወይም ጨርሶ ከጠፋ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነበር። ዝገት ቀለሙ አይደለም የሚያሳውቀው፤ ወደ ቦታው መመለሱ ነው።

ጉዳት አለው ወይ ለሚለው ብዙ አልቆይም። ጥቂት የብረት ዝገት መርዝ አይደለም፤ በብዛት ሲገባ ጣዕም ያበላሻል። ደግሞም ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት የሚወስደውን ብረት የሚቀንስ መጠጥ ነውና፣ ከማንቆርቆሪያ ብረት ጠጣሁ ብሎ የሚጨነቅ ሰው የሚጨነቀው በማይሆን መጠጥ ነው። ቅሬታው የጤና ካልሆነ ግን የምን ነው? የተነገረን ነገር ውሸት ነበር የሚል ነው፤ ያ ደግሞ ከጤናው ያነሰ ቅሬታ አይደለም።

ስለዚህ ማን ይጠየቅ? አምራቹ «ውኃዎ ነው» ሲል የሚናገረው ሐሰት አይደለም። ጨዋማ ውኃ ማንኛውንም 304 ሊበሳ ይችላል። ሞሊብዲነም የተጨመረበት 316 ይሻላል፤ እሱም ቢሆን የተሻለ እንጂ የማይበገር አይደለም። ባለቤቱም አምራቹን ሲከስ ሐሰት አይናገርም፤ በደንብ ያልጸዳ ብየዳ በጥሩ ውኃም ሊዝግ ይችላል። ሁለቱም እውነት ከተናገሩ ዳኛው ምክንያትን በመቁጠር ሊፈርድ አይችልም፤ ምክንያት ሁልጊዜ ከአንድ በላይ ነውና። እኔ ሌላ መለኪያ አለኝ፦ አለመዛግ ሥራ ከሆነ፣ ያን ሥራ መርዳት በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ለማን ይቻል ነበር?

ሆዱ፣ ክዳኑ፣ የአፉ ጠርዝ ለባለቤቱ ክፍት ናቸው። ውኃ አሳድሮ የሚተው፣ በበረኪና የሚያጥብ፣ በሽቦ የሚፈትግ ሰው እዚያ ለዛገው ራሱ ይጠየቅ። የአንገቱ ውስጥ፣ የብየዳው ጀርባ፣ የታጠፈው ብረት መደራረቢያ ግን ለባለቤቱ ዝግ ናቸው። የማይታየውን ማድረቅ፣ የማይደረስበትን ማጽዳት አይችልም፤ የማይችለውን አላደረግህም ተብሎ ደግሞ ሰው አይወቀስም። በዚያ ቦታ ላይ ሥራው የተቻለው ለአንድ ወገን ብቻ፣ ለአንድ ጊዜም ብቻ ነው፦ ለአምራቹ፣ ዕቃው ከመዘጋቱ በፊት። «ውኃዎን አላየሁትም» የሚለው መከላከያም እዚህ አያድነውም። ሰው የቧንቧ ውኃ እንደሚያፈላበት፣ ጥቂቱም በአንገቱ እንደሚቀር ንድፉን ሲያወጣ ያውቅ ነበር።

ተከራካሪው እንደገና ይነሣል፦ «እንዲህ ከሆነ ገዢው ጠባብ አንገት ፈልጎ ነው የገዛው፤ የፈለገው ነገር ያመጣውን ጣጣ እሱ ይሸከም።» ይህ ከቀደሙት የጠነከረ ክርክር ነው። ሆኖም ገዢው የፈለገው የአንገቱን ጥበት እንጂ ከውስጥ ያልጸዳ ብየዳ አይደለም። ጥበቱ ከነብየዳው የማይለይ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ይረታኝ ነበር። ግን ይለያል፤ መጋጠሚያውን ዕቃው ከመዘጋቱ በፊት በአሲድ ማጠብ፣ አንገቱ ጨርሶ ውኃውን እንዲለቅ ማዘንበል፣ ወይም ተፈቶ እንዲታጠብ ማድረግ ይቻላል። ዋጋ ይጨምራል እንጂ የማይሆን ነገር አይደለም።

የዋስትና ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በጊዜ ነው፤ አንድ ዓመት ይላል፣ በሁሉም የዕቃው ክፍል ላይ በእኩል። ጉድጓድ ዝገት ግን ቀን አይቆጥርም፣ ቦታ ይመርጣል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የማንቆርቆሪያው ሥዕል ይሳል፤ ጣትና ዓይን የማይደርሱበት በቀለም ይለይ፤ እዚያ ለዛገው አምራቹ ስለ ውኃው ሳይጠይቅ ይተካ፤ ለቀረው ባለቤቱ ይወቅበት። ሥዕሉ ላይ ቀለም የበዛበት ማንቆርቆሪያ ገበያ ላይ ስንት ያወጣ እንደሆነ ያን ጊዜ እናያለን።