በሌላው ኃጢአት ላይ ስለ መጮህ

ምእመናን ሆይ፤ በቴአትር መድረክ የሚታየው ሁሉ ለነፍስ ይጠቅማል አንልም። ነገር ግን ዓለማዊው ጸሐፊ አንዳንድ ጊዜ የሰውን ልብ አጥልቆ ይመረምራልና፣ እኛ በዐውደ ምሕረት ልንናገረው የሚገባንን እርሱ በመድረክ ላይ ቀድሞን ተናግሮት እናገኛለን። የእስፓኙ ባለቅኔ ፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 በሰኔ ወር የፈጸመው «የበርናርዳ አልባ ቤት» የተባለው ድርሰት ከነዚህ አንዱ ነው። ደራሲው ከሁለት ወር በኋላ በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት መጀመሪያ ስለ ተገደለ፣ ሥራውን በመድረክ አላየውም፤ መጀመሪያ የታየው በ1945 በቦነስ አይረስ ከተማ ነው።

ነገሩ ከቀብር ይጀምራል። በርናርዳ የምትባል የ60 ዓመት ሴት ባልዋ ሞቶባት፣ አምስት ሴቶች ልጆችዋን ቤት ዘግታባቸው የ8 ዓመት ሐዘን ታውጅባቸዋለች። ከቀብር የተመለሱት የመንደሩ ሴቶች ስለ ሟቹ ነፍስ ጸሎት ሲደገም ይቀበላሉ፤ በዚያው አፋቸው ባለቤቲቱን በሹክሹክታ ያሟታል። እርስዋም በበኩልዋ፣ እንግዶቹ ከደጅ ሲወጡ ትሰድባቸዋለች። መንደሩ በክብር የቀበረውን ያንን ሟች ግን በእውነት የምታውቀው የቤቱ ሠራተኛ ናት፤ በጓሮ ክብርዋን ይነካ የነበረ ሰው ነውና። ስለዚህ ድንጋይ ያነሣ አልነበረም።

በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ከመንገድ ታላቅ ጩኸት ይሰማል። ሊብራዳ የምትባል ሴት፣ ያላገባች ልጅዋ በስውር ወልዳ፣ ነውርዋን ለመሸፈን ሕፃኑን ገድላ ከድንጋይ በታች ሸሽጋው ኖሮ፣ ውሾች አውጥተው ከደጃፍዋ ጥለውታል። ሕዝቡም ሊገድላት በመንገድ እየጎተተ ያመጣታል፤ ወንዶቹም ከየእርሻቸው እየሮጡ ይደርሳሉ። በርናርዳ ከደጅዋ ቆማ፣ ዘበኞች ሳይመጡ እንዲጨርሱአት፣ በእሳት ፍምም እንዲያቃጥሉአት ትጮኻለች። የመጨረሻ ልጅዋ የ20 ዓመትዋ አዴላ ግን ሆድዋን በእጅዋ ይዛ፣ ልቀቁአት እያለች ትለምናለች። አዴላ የታላቅ እኅትዋን እጮኛ ፔፔን ሌሊት በስውር ታገኘው ነበርና። እናቲቱ በሰው ልጅ ላይ የፈረደች መሰላት፤ ፍርዱን የሰማችው ግን የገዛ ልጅዋ ነበረች።

ሕፃን መግደል ጽኑ ኃጢአት እንደ ሆነ የሚክድ ክርስቲያን የለም፤ እኛም አናቃልለውም። ሆኖም ያችን ልጅ ወደዚያ ያደረሳት ምንድር ነው? እግዚአብሔርን ብቻ ፈርታ ቢሆን ኖሮ፣ በንስሐ ተመልሳ ልጅዋን ባሳደገች ነበር። እርስዋ የፈራችው የጎረቤትን ምላስ ነው። ስለ ሕፃኑ ደም ሊበቀሉ የወጡት እነዚያ ሰዎች፣ ሕፃኑ በሕይወት ቢገኝ ኖሮ እናቱን በሰላም ያኖሩአት ነበርን? ደግሞም የሕፃኑ አባት ማን እንደ ሆነ አይታወቅም ይባላል፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከልም «ወንዱስ የት አለ?» ብሎ የጠየቀ አንድ ስንኳ አልተገኘም። የኦሪት ዘሌዋውያን ሕግ በምንዝር የተያዙትን ወንዱንም ሴቲቱንም ያዝዛል፤ ጻፎችና ፈሪሳውያን ግን ወደ ጌታችን ያመጡት ሴቲቱን ብቻ ነበር። ሕጉን እየጠቀሱ ሕጉን ከሁለት ከፈሉት።

በዚያ ጩኸት ጊዜ የአዴላ እኅት ማርቲሪዮ ደግሞ፣ ሴቲቱ የሥራዋን ዋጋ መክፈል ይገባታል ትላለች። ይህችው ማርቲሪዮ ያንኑ ፔፔን በልብዋ ትመኘው ነበር፤ ሥዕሉንም ሰርቃ በአልጋዋ ሸሽጋ ነበር። በቋንቋችን ቅንዓት የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው፤ ኤልያስ ስለ እግዚአብሔር የቀናበትም፣ ቃየን ወንድሙን የገደለበትም በዚሁ ቃል ይጠራሉ። ማርቲሪዮ ሁለተኛውን ይዛ በመጀመሪያው ስም ታጌጥበታለች፤ እንዲህ ያለው ሰው በየማኅበሩ አይጠፋም። የአዴላ ምሥጢር በተገለጠ ሌሊት እናቲቱ በፔፔ ላይ ጥይት ተኩሳ ሳትችው፣ እርሱም በፈረስ አመለጠ። ማርቲሪዮ ግን የሞተ አስመስላ ተናገረች፤ አዴላም ይህን ሰምታ ከጓዳ ገብታ ራስዋን ሰቀለች። በርናርዳ በሬሳው ፊት ስለ ልጅዋ ነፍስ አልተጨነቀችም፤ ልጂቱ በድንግልና እንደ ሞተች እንዲነገር፣ እንደ ድንግልም እንድትገነዝ አዘዘች፤ ልቅሶውንም ከለከለች።

እናንት የንስሐ አባቶች፣ እስኪ ይህን አስቡት። አዴላ ያን የደጃፍ ጩኸት ከሰማች በኋላ ኃጢአትዋን ለማን ትናገር? በዚያ ቤት ጸሎት አለ፣ የሐዘን ልብስ አለ፣ መቁጠሪያም አለ፤ ጆሮ ግን የለም። በቅዳሴ የምናያት፣ ዓይኖችዋን ወደ መሬት ያደረገች ልጅ፣ እኛ ስለ ሌላይቱ በዐውደ ምሕረት ስንናገር የድምፃችንን ቁጣ እየመዘነች ይሆናል። ለመምጣት ወይም ለመቅረት የምትወስነውም በዚያው ሰዓት ነው።

ይሁዳም ምራቱ ትዕማር ፀነሰች የሚል ወሬ በደረሰው ጊዜ፣ አውጥተው እንዲያቃጥሉአት ለማዘዝ አልዘገየም። እርስዋ ግን ወደ እሳቱ ስትወሰድ፣ በአደባባይ ሳታዋርደው፣ ማኅተሙን፣ ገመዱንና በትሩን ላከችለት፤ የፀነሰችው ከባለ ዕቃው እንደ ሆነም አስታወቀችው። እርሱም ዕቃውን አወቀ፤ ከእርሱ ይልቅ እርስዋ ጻድቅ መሆንዋንም በሰው ፊት መሰከረ። ማቴዎስ የጌታችንን የልደት ሐረግ ሲጽፍ የትዕማርን ስም ከይሁዳ ስም አጠገብ አኖረው።