የፌስታሉ ዕዳ የማን ነው?

ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ሲሰሙት ተራ ነገር ይመስላል። ይኸውም ግማሽ ኪሎ ስኳር የተቋጠረበት ፌስታል ከሱቅ ከወጣ በኋላ የማን ነው? የሚለው ነው።

ባለሱቁ «ሰጥቻለሁና የገዢው ነው» ይላል። ገዢው ደግሞ ስኳሩን ቤቱ ገልብጦ ፌስታሉን ይጥለዋል፤ ያልከፈለበት ነገር ነውና አያሳሳውም። ከዚያ ነፋስ ይወስደዋል። በእኛ በሉማሜ ከብቱ ከከተማው ጥግ ይሰማራል፤ ላም ደግሞ ጨው ወይም የምግብ ሽታ የነካውን ፌስታል ከሣር ለይታ አትተወውም። ፌስታል በከርሷ ውስጥ አይፈጭም፤ እየተጠቀለለ ይከማችና መተላለፊያውን ይዘጋል። ሆዷ ተነፍቶ የጠገበች ትመስላለች እንጂ እየከሳች ትሄዳለች፣ ብዙ ጊዜም ትሞታለች። ታዲያ የላሟ ባለቤት በዚያ ሽያጭ ውስጥ አልነበረም። ሻጭና ገዢ ተጠቀሙ፣ ሦስተኛው ሰው ከፈለ።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፣ በሬ ቢገባበት ለባለቤቱ እንዲከፍል ታዟል። የፌስታሉን ነገር የሚያከብደው ጉድጓዱን የቆፈረው አንድ ሰው አለመሆኑ ነው። ከከርሷ ከሚወጣው ድቡልቡል ውስጥ የትኛው ከየትኛው ሱቅ እንደ መጣ ማን ይለየዋል?

መንግሥት ዕዳውን በሕግ ለማሸከም ሞክሯል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ስስ ፌስታልን ገድቦ ነበር፤ ፌስታሉ ግን ከሱቅ አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል፤ የተጠቃሚው ቅጣትም ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ነው። በእኛ አስተያየት ሕጉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ከሕጉ ይልቅ የለስላሳ ጠርሙስ ብዙ ያስተምረናል። ጠርሙስ መያዣ ስለሚጠየቅበት ሜዳ ላይ ወድቆ አይታይም። ሃይላንዱን እንኳ ቆራሌው ይገዛዋልና ልጆች ይለቅሙታል። ዋጋ የሌለውን ፌስታል ግን ማንም ጎንበስ ብሎ አያነሣውም።

በእርግጥ ነጻ አይደለም። ባለሱቁ በእስር ይገዛዋል፣ ወጪውንም በስኳሩና በምስሩ ላይ ይጨምረዋል፤ ዘንቢል ይዞ የመጣውም ሰው ሳያውቀው አብሮ ይከፍላል። ይህ ፍትሕ ነውን? ፌስታሉ ለብቻው ቢሸጥ፣ ዘንቢል የያዘውም በዚያው መጠን ቢቀነስለት ግን እያንዳንዱ የራሱን ይከፍላል።

አንድ ባለሱቅ ብቻውን ቢጀምር «ፌስታል የለህም እንዴ?» ተብሎ ደንበኛው ወደ ጎረቤት ይሻገርበታል። ቤት ኪራይና ግብር ያለበትን ሰው ብቻህን ተጎዳ ማለት ቀላል ነው፤ በተለይ ሱቅ ለሌለን ለእኛ ለተማሪዎች። ስለዚህ በአንድ መንገድ ላይ ያሉት ሱቆች ተስማምተው በአንድ ቀን ቢጀምሩ ይሻላል። ዱቄትና ምስር በገዢው ዕቃ ይመዘን፣ ቡናና በርበሬ በወረቀት ይጠቅለል፣ ሳሙናና ክብሪት ያለ ፌስታል ይሰጥ። የጉሊት እናቶችም ሽንኩርቱን ከመደቡ በቀጥታ ወደ ዘንቢል ቢገለብጡት ምንም አይጎድልባቸውም። ጥሬ ሥጋና ቅቤ ያስቸግራል፤ ለእርሱ ክዳን ያለው ዕቃ ከቤት ይዞ መምጣት ይጠይቃል።

የሚቀረው ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያልፍ ከመኪና ወርዶ የሚገዛው መንገደኛ ነው፤ እርሱ ዘንቢል አይዝም። በረንዳ ላይ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ግን ከአቡጀዲ ቁራጭ ከረጢት ሊሰፉለት ይችላሉ።