ስምና ስም አውጪ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የጥንት ሕዝቦች ታሪክ ሲመረመር ግን ስም አውጪው ብዙ ጊዜ ድል አድራጊው ሆኖ ይገኛል።

ፍርስራሿ ዛሬ በቱኒዚያ የሚታየውን ከተማ ነዋሪዎቿ በፊንቄ ቋንቋቸው «ቀርት ሐደሽት» ይሏት ነበር፤ አዲሲቱ ከተማ ማለት ነው። «ሐደሽት» ከግእዙ «ሐዲስ» ጋር አንድ ሥር አለው። ሮማውያን ከተማይቱን «ካርታጎ»፣ ሕዝቧን «ፖኤኒ» አሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ146 ዓመት አፈረሷት፤ ከእልቂት የተረፈውንም ሕዝብ ለባርነት ሸጡት። በላቲን «ፑኒካ ፊዴስ»፣ የፖኤኒ ታማኝነት፣ ሲባል ክህደት ማለት ሆነ። ተከሳሹ ስለ ራሱ የጻፈው ታሪክ ለትውልድ ስላልደረሰ ግን መልሱ አልተሰማም።

በጎል ምድር የታየው ከዚህ ይለያል። በላቲን መጻሕፍት «ሉቴቲያ ፓሪሲዮሩም»፣ የፓሪሲ ነገድ ሉቴቲያ፣ ተብላ የተመዘገበችው ከተማ በ4ኛው መቶ ዓመት በነገዱ ስም ትጠራ ጀመር። የዛሬዋ ፓሪስ ናት።

ፓሪሲዎች በምድራቸው ስለ ቆዩ ስማቸው ከተማቸውን ወረሰ። የቀርት ሐደሽት ሰዎች ግን ከተማቸውን ሲነጠቁ ስማቸውም በጠላት አንደበት ወደቀ። እንዲህ ያለውን ስም ሳይመረምሩ መድገም የአሸናፊን ፍርድ ማጽናት ነው። ስለሆነም ደራሲም ሆነ መምህር ስሙን ከመጥራቱ በፊት ስም አውጪውን መጠየቅ ይገባዋል።